ስድስት መቶውን የት ታደርሰዋለህ?

መብራት ሲመጣ ውሃ እየሄደ፣ ውሃ ሲመጣ መብራት እየሄደ፣ እኔም በመሀል እየተመላለስኩ ይኸው ደረስኩላችሁ።

ለዛሬ ያሰብኩት ሌላ ወግ ነበር። ሰሞኑን የደረሰኝ አንድ ደብዳቤ ግን ሁሉንም አስተወኝ። ግማሹ የፍቅር፣ ግማሹ የዓሣ ደብዳቤ ነው። አዎ፣ የዓሣ! ሳቁ፣ ችግር የለም፤ እኔም መጀመሪያ ሳነበው ስቄአለሁ። ሁለተኛ ሳነበው ግን ሳቄ ቀጥ አለ። ለምን ብትሉ… ልጁ የጻፈው የእኔኑ ጉድ ነዋ!

ጸሐፊው የ23 ዓመት ወጣት ነው። ከወላጆቹ ጋር ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይኖራል። ደብዳቤው ረዘም ስለሚል አሳጥሬ ላቅርብላችሁ፦

«…ሁለት ትልልቅ ኦስካሮች አሉኝ። አንዱ ቀለሙ ፍም ነው። ሌላው ጥቁር ይበዛበታል፣ ግን ግዙፍ ነው። ሁለቱን አዳቅዬ የዚያን ቀለም በዚህ ቁመና ላይ ማምጣት እፈልጋለሁ። ጫጩቶቹን እየሸጥኩም ራሴን እችላለሁ ብዬ አስባለሁ። ችግሬ ግን የትኛው ወንድ፣ የትኛዋ ሴት እንደሆነች ማወቅ አልቻልኩም። ሁለተኛው ችግሬ ፍቅረኛዬ ናት። ‹ከእኔ ይልቅ ዓሣህን ነው የምታየው፤ ወይ እኔን ወይ እነሱን ምረጥ› ብላኛለች። ምን ትመክረኛለህ?»

ወንድሜ፣ ምክር ከመስጠቴ በፊት መጀመሪያ እኔ ልናዘዝልህ።

ኦስካር ማነው?

ኦስካርን ለማታውቁት ላስተዋውቃችሁ። የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ፣ የአማዞን ወንዝ አካባቢ ነው። ሲክሊድ ከሚባለው ትልቅ የዓሣ ቤተሰብ ይመደባል። «ሲክሊድ ደግሞ ምንድነው?» ካላችሁ ሩቅ አትሂዱ። ከዝዋይ ወይ ከሀዋሳ መጥቶ ተጠብሶ የሚቀርብላችሁ ቆሮሶ ሲክሊድ ነው። ዘመዳሞች ናቸው። ልዩነታቸው፣ ቆሮሶ በአብዛኛው ውሃው ውስጥ የሚበቅለውን ደቃቅ አረንጓዴ ነገር እየለቀመ የሚኖር ጨዋ ሲሆን ኦስካር ግን አዳኝ ነው። አፉ ውስጥ የሚገባለት ዓሣ ካገኘ ጎረቤቴ ነው፣ አብሮ አደጌ ነው አይልም። ስልቅጥ!

ሱቅ ውስጥ ስታዩት አውራ ጣት አያክልም። ያሳዝናል። ጎትቶ ወደ ቤታችሁ ያስገባችኋል። ከዚያ በደንብ ከበላ በየወሩ ሁለት ሴንቲ ሜትር ከዚያም በላይ እየጨመረ፣ ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላው 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሆኖ ቁጭ ይላል። ድንጋዩን ይገለብጣል፣ አሸዋውን ይቆፍራል፣ ተክል ብታስገቡለት ነቅሎ ይጥለዋል።

ሰው የሚወድለት ግን ጠባዩን ነው። ጌታውን ያውቃል። ከሥራ ስትገቡ መስታወቱ ድረስ መጥቶ ጭራውን ይቆላል። እንግዳ ሲመጣ ይሸሻል። ሲያኮርፍ ጎኑን ጥሎ ይተኛል፤ የማያውቅ ሰው ሞተ ብሎ ይደነግጣል። አንዴ የወደደው ሰው ለመተው ይቸገራል… እኔ ነኝ ምስክሩ።

የእኔ ጉድ

ነገሩ የሆነው በ2013 ዓ.ም. ነው። ያኔ አንድ ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። 12ኛን ጨርሼ ወዲህ ወዲያ ስል ከርሜ፣ መጻፍ ጀምሬ ትንሽ ፍራንክ መቁጠር የያዝኩበት ሰሞን ነው። ሰው በመጀመሪያ ገንዘቡ ጃኬት ይገዛል፣ ጫማ ይገዛል። እኔ መስታወት ቤት ሄጄ ርዝመቱ 150፣ ወርዱና ከፍታው 50 ሴንቲ ሜትር የሆነ አኳሪየም አሠራሁ። አልጋዬ ከግድግዳው ላይ ተነሥቶ መሀል ቤት ገባ።

ሁለቱን ኦስካሮች የገዛኋቸው ካደጉ በኋላ፣ አገር ለቅቆ ሊሄድ ከነበረ ሰው ላይ ነው። «ጥንዶች ናቸው፣ እንቁላል ጥለው ያውቃሉ» አለኝ። እውነቱን ነበር። እኔ ጋ በመጡ በጥቂት ወራት ውስጥ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ጣሉ። በነጋታው ሳይ ድንጋዩ ባዶ ነው። ወላጆቹ በልተውታል! ሁለተኛውንም በሉት። ሰው «ልምድ የሌላቸው ወላጆች ይበላሉ፣ ታገስ» አለኝ፣ ታገስኩ።

በፍልሰታ ማለቂያ ላይ ሦስተኛው መጣ። ከዚያ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት «ይጠናከሩ» ብዬ የበሬ ልብ እያደቀቅኩ ነበር የማበላቸው። አከራዬ እትዬ ደግሞ ፆመኛ ናቸው። በፍልሰታ ምድር ጓሮ ቁጭ ብዬ ሥጋ ስከትፍ አግኝተውኝ «አንተ ልጅ፣ ምን ዓይነቱ አረመኔ ነህ?» አሉኝ። «እትዬ፣ እኔ አይደለሁም የምበላው፣ ዓሣዎቹ ናቸው» አልኳቸው። «ዓሣም ሆኖ አይፆም!» ብለው አማትበው ገቡ። (በነገራችን ላይ የበሬ ልብ አልፎ አልፎ እንጂ የዘወትር ምግብ መሆን የለበትም። ይሄን ያወቅኩት በኋላ ነው።)

እናላችሁ… ሦስተኛውን እንቁላል ወላጆቹ ጠበቁት። አንዱ በክንፉ ያራግብለታል፣ ሌላው ዘብ ይቆማል። እጄን ሳስገባ ነከሱኝ። በሦስተኛው ቀን ተፈለፈለ። አሸዋ ላይ ጉድጓድ ቆፍረው ጫጩቶቹን በአፋቸው እያጓጓዙ አስገቧቸው። ከሳምንት በኋላ እንደ ደመና ሆነው መዋኘት ጀመሩ። መቁጠር ጀመርኩ። 600 ላይ ስደርስ ደከመኝና ተውኩት።

የዚያን ቀን ደስታዬን ምን ልበላችሁ። ባለሀብት የሆንኩ መሰለኝ። ወረቀት አውጥቼ 600ን በአንድ ዓሣ ዋጋ አባዛሁ። ቤት ተከራየሁ፣ ቤት ሠራሁ፣ መኪና ገዛሁ… በወረቀቱ ላይ።

ወረቀቱ ላይ ያልጻፍኩት

ወረቀቱ ላይ ያልጻፍኳቸው ነገሮች ናቸው ያሰመጡኝ።

አንደኛው ቦታ ነው። አንድ ጥንድ ኦስካር ብቻውን ከ300 ሊትር በላይ ይፈልጋል። 600 ጫጩት ለጥቂት ሳምንት በአንድ ዕቃ ይኖራል፤ ከዚያ በኋላ ግን እርስ በርስ መበላላት ይጀምራል። አዳኝ መሆናቸውን አትርሱ። ትልቁ ትንሹን ይውጣል። ሳፋ ገዛሁ፣ በርሜል አስቆረጥኩ፣ ባልዲ ተዋስኩ። ቤቴ የልብስ አጠባ ቤት መሰለ።

ሁለተኛው መብራት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ሌሊቷ ይበርዳል። እነዚህ ዓሦች ደግሞ ከ25 እስከ 28 ዲግሪ የሚሞቅ ውሃ ይፈልጋሉ። ባለ 300 ዋት ማሞቂያ በቀን 12 ሰዓት ቢሠራ 3.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ በወር 108 ይሆናል። ያውም አንድ ማሞቂያ! እትዬ ቆጣሪው ሥር ቆመው «ይሄ ነገር ምን በልቶ ነው እንዲህ የሚሮጠው?» ማለት ጀመሩ። የክረምቱ አንድ ሌሊት መብራት ጠፋ። ማሞቂያውም፣ አየር የሚነፋውም፣ ውሃውን የሚያጣራውም ቀጥ አሉ። ጋቢዬን አኳሪየሙ ላይ ጠመጠምኩ፣ ብርድ ልብሴን ሳፋው ላይ ጣልኩ፣ እኔ በጃኬት ተኛሁ። ሲነጋ ሳፋዎቹ ላይ የተንሳፈፈውን በማንኪያ ነው የቀዳሁት። ከፍታ ላይ ያለ ውሃ በተፈጥሮው የሚይዘው አየር ያንሳል፤ ሲጨናነቁበት ደግሞ ጭራሽ አይበቃም።

ሦስተኛው ቆሻሻቸው ነው። ዓሣ የሚጥለው ቆሻሻ ወደ አሞኒያ ይለወጣል። ያንን የሚያጠፉት በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ናቸው። እነሱ ደግሞ በአዲስ ዕቃ ውስጥ ለመራባት ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈልጋሉ። እኔ ዛሬ የገዛሁት ባልዲ ውስጥ ዛሬውኑ ዓሣ አስገባሁ። የቧንቧ ውሃም ክሎሪኑ ሳይወጣለት ቀጥታ አፈሰስኩባቸው። ያለቁት በእኔ እጅ ነው እንጂ በእግዜር ቁጣ አይደለም።

ኅዳር ሲገባ ከ600ው የቀሩኝ 80 የማይሞሉ ነበሩ።

ጋሼ ያስተማሩኝ

ሰፈራችን ውስጥ ዓሣ ሲያረቡ ፀጉራቸው የሸበተ አንድ አዛውንት አሉ። ጋሼ ነው የምላቸው። ጨንቆኝ ሄድኩ። መጥተው አዩልኝ።

«እህ፣ የትኞቹን ነው የመረጥከው?» አሉኝ። ሁለት ሳፋ አሳየኋቸው። በአንደኛው ውስጥ ያሉት 12ቱ ቀያዮች፣ ምርጦቼ ናቸው። ሌላው ገርጣ ያለው ነው።

«እነዚህን ምን ታበላቸዋለህ?»

«ቀለም የሚያወጣ የሚባለውን ምግብ ነው ጋሼ። ሽሪምፕ አለበት።»

«እነዚያንስ?»

«እነሱን ርካሹን።»

ጋሼ ሳቁ። «አንተ ልጅ፣ አንተ እኮ የመረጥከው ምግቡን ነው። ዓሣውን መች መረጥክ?» አሉኝ።

አላመንኳቸውም። ወስደው ለስድስት ሳምንት ሁሉንም አንድ ዓይነት ምግብ፣ አንድ ዓይነት ሙቀት አደረጉላቸው። ከዚያ ጠሩኝ። ከ12ቱ ቀያዮቼ ውስጥ ቀይ ሆነው የቀሩት ሦስት ናቸው። የተቀሩት ከሌሎቹ አይለዩም። በልቶ ያገኘው ቀለም ለልጁ አይወረስም። ብርድና ድንጋጤም ቀለም ያጠፋሉ። ስለዚህ መምረጥ የፈለገ ሰው በመጀመሪያ ሁሉንም እኩል ማኖር አለበት፤ እኩል ኖረው የሚታየው ልዩነት ነው የዘር ሊሆን የሚችለው።

ግዙፍነትም እንደዚያው ነው። ከአንድ እንቁላል ጥል የወጡ ጫጩቶች መሀል አንዱ ከሌላው እጥፍ ሆኖ ስታዩት «ይሄ ነው ዘር!» ትላላችሁ። ጋሼ እንደሚሉት ግን ብዙ ጊዜ የምታዩት ጉልበተኛውን ነው። የሌላውን ምግብ ስለቀማ ነው የወፈረው። እንደ እኛ ሰፈር ልጆች ማለት ነው።

ሦስተኛው ትምህርት የባሰ ነው። «የቀይና የግዙፍ ዘር ሲዳቀል ልጆቹ ሁለቱንም ይዘው አይወጡም። ብዙው መካከለኛ ይሆናል። የምትፈልገውን የምታገኘው ምናልባት በልጅ ልጆቹ ነው» አሉኝ። አንድ ትውልድ ለመድረስ ደግሞ ከዓመት በላይ ይፈጃል። እንቁላል ጥሎ፣ አድጎ፣ ተመርጦ፣ እንደገና ጥሎ፣ እንደገና አድጎ… ሦስት ዓመት ማለት ነው።

«ታዲያ እህትና ወንድም ላዳቅላ ጋሼ?»

«አባቶችህ ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥሩት ለምን ይመስልሃል?» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማንኛውም ፍጡር ውስጥ ተደብቆ የሚኖር ጉድለት አለ። ከእናትም ከአባትም አንድ ላይ ካልመጣ አይታይም። እህትና ወንድም ሲዳቀሉ የተደበቀው ይገናኛል፤ አከርካሪው የተጣመመ፣ ጉንጩ ላይ ያለው ክዳን የጎደለው፣ መንጋጋው ያልገጠመለት ይበዛል። ለዚህ ነው ቁም ነገረኛ አርቢ ዝምድና የሌላቸው ሁለት ጥንዶች ይዞ፣ ማን ከማን እንደተወለደ በደብተር እየጻፈ የሚሠራው። ጋሼ ደብተር አላቸው። የዕድር መዝገብ ነው የሚመስለው።

ሰው ሲመርጥ

እስቲ ደግሞ ከሰፈር ወጣ ብለን እንይ። ፍላወርሆርን የሚባል ዓሣ አለ። ተፈጥሮ አላወጣችውም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ማሌዢያ ውስጥ የመካከለኛው አሜሪካ ትልልቅ ሲክሊዶችን እያዳቀሉ ያወጡት ነው። ግንባሩ ላይ እንደ ሻኛ የሚያብጥ ጉብታ አለው። ጎኑ ላይ ያሉት ጥቁር ምልክቶች የቻይና ፊደል ይመስላሉ። ዕድል ያመጣል ተባለና እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ማሌዢያና ሲንጋፖር ውስጥ ሰው አበደለት። ጉብታው ትልቅ የሆነው ዓሣ ዋጋው ሰማይ ነካ። ሁሉም አርቢ ሆነ። ሁሉም ሲያረባ ገበያው ሞላ፣ ፋሽኑ አለፈ፣ ዋጋው ወደቀ። ከዚያ የማይፈለገው ዓሣ የት ሄደ? አንዳንዱ ወንዝና ግድብ ውስጥ ተጣለ። አውስትራሊያ ዛሬ ይህን ዓሣ ወደ አገሯ አታስገባም።

የፍላወርሆርን ወንዶች ብዙዎቹ መውለድ አይችሉም። ታይዋን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የወጣው ብለድ ፓሮት የሚባለው ድቅል ደግሞ አፉ በትክክል አይገጥምም። ሰው ግን «ያምራል» ብሎ ጉድለቱን እንደ ውበት ገዛው። መምረጥ ማለት ኃይል ነው ወዳጆቼ። ዓሣው «ይሄ ያመኛል» አይልም። የሚያስብለት የመረጠው ሰው ነው።

ባልዲው

አሁን ወደ ኑዛዜዬ ልብ ልመለስ።

በ2014 ጥር ላይ የፍቅረኛዬ የአክስት ልጅ ባቱ ላይ ሠርጓ ነበር። ባቱ ማለት በቀድሞ ስሟ ዝዋይ ናት። ፍቅረኛዬ እዚያው ተወልዳ ያደገች ናት፤ ወንድሟ ሐይቁ ላይ መረብ ጥሎ ነው የሚያድረው። እኔ እንደ ጓደኛ ሆኜ ልሄድ፣ ቤተሰቧንም ለመጀመሪያ ጊዜ ልተዋወቅ ተስማምተናል።

ታዲያ ይሄ የእናንተ ጸሐፊ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ያልተመረጡትን 40 ዓሦች ክዳን ባለው ባልዲ አድርጎ፣ በባትሪ የሚሠራ የአየር መንፊያ ገጥሞ፣ ሱፉን ለብሶ ቃሊቲ መናኸሪያ ተገኘ። ሐሳቤ ቀላል ነበር። ሐይቅ አለ፣ ዓሣ አለ፤ ዓሣን ሐይቅ ውስጥ ከመልቀቅ የተሻለ ጽድቅ የት ይገኛል? መግደል አልፈለግኩም። አንጀቴ አልቻለም።

መኪናው ተነሣ። ባልዲው እግሬ መሀል «ቡልቅ ቡልቅ» ይላል። ደብረ ዘይትን እንዳለፍን «ምንድነው እሱ?» አለችኝ። ነገርኳት። ኮራ ብዬ ነው የነገርኳት።

ዝም አለች። ከዚያ «ሐይቁ ውስጥ ይሞታሉ?» አለችኝ።

«ኧረ አይሞቱም፣ ጠንካሮች ናቸው።»

«ይሞታሉ ካልክ ለምን ትጥላቸዋለህ? ይኖራሉ ካልክስ ለምን ትጥላቸዋለህ?»

መልስ አጣሁ።

«ምንድነው የሚበሉት?»

«…ትንንሽ ዓሣ።»

«የወንድሜን ጫጩት ማለት ነዋ» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ያንን ባልዲ ይዘህ እኛ ቤት አትገባም።»

ሞጆ ላይ ወረድኩ። ሱፍ ለብሼ፣ ባልዲ ታቅፌ፣ በፀሐይ ላይ የመልስ መኪና ስጠብቅ አንድ ሊስትሮ «ጋሼ፣ እርጎ ነው?» አለኝ። ሠርጉ ቀረብኝ። የሚተዋወቀኝ ቤተሰብ ቀረብኝ። ልጅቷ ለሦስት ሳምንት ስልኬን አላነሣችም።

ተናድጄባት ነበር። ልክ መሆኗን ያወቅኩት ጋሼ የፓናማን ታሪክ ሲነግሩኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ለዓሣ አጥማጆች መዝናኛ ተብሎ ፒኮክ ባስ የሚባል ትልቅ አዳኝ ሲክሊድ ወደ ፓናማ ይገባል። ከኩሬ አምልጦ ጋቱን ሐይቅ ውስጥ ይደርሳል። ዛሬትና ፔይን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1973 ሳይንስ መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት፣ በሐይቁ ውስጥ በብዛት ይታዩ ከነበሩት ስምንት የዓሣ ዓይነቶች ስድስቱን አጥፍቷቸዋል። ይሄ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ከ45 ዓመት በኋላም ሐይቁ ወደ ቀድሞው እንዳልተመለሰ አሳይቷል። ሐይቅ ውስጥ የገባ ዓሣ ተመልሶ አይወጣም ወዳጆቼ። «ተሳስቻለሁ» ብሎ መመለስ የለም።

ያን ቀን ማታ ባልዲውን ይዤ ጋሼ ጋ ገባሁ። ቦታ ያላቸውን ያህል አሥሩን ወሰዱልኝ። ሰባቱን አንድ የዓሣ መሸጫ በነፃ ተቀበለኝ። የቀሩትን 23ቱን በጋሼ አስተማሪነት በቅርንፉድ ዘይት ነው ያሰናበትኳቸው። ውሃው ውስጥ በርከት ተደርጎ ሲቀላቀል መጀመሪያ ያንቀላፋሉ፣ ከዚያ አይነቁም። ጋሼ «በራስህ እጅ አድርገው» አሉኝ። አደረግኩት። አንዷ ከመተኛቷ በፊት እንደ ለመደችው ወደ እጄ መጥታ ምግብ ፈለገች። ይሄን የምጽፈው እንድታዝኑልኝ አይደለም። ወረቀት ላይ 600 በዋጋ ስታባዙ ይህችኛዋን እንድትቆጥሯት ነው።

እንግዲህ ላንተ

ወንድሜ፣ አሁን ወደ ጥያቄህ።

«የትኛው ነው ወንዱ?» ላልከኝ፣ በዓይን አይታወቅም። የኦስካር ወንድና ሴት ቀለማቸውም ቁመናቸውም አይለይም። ልምድ ያለው ሰው ሊጥሉ ሲቃረቡ ከሆዳቸው ሥር አይቶ ይለያል። እንቁላል ጣሉ ብለህም አትቸኩል፤ ሁለት ሴቶችም ተጣምረው ሊጥሉ ይችላሉ። ያ እንቁላል ነጭ ሆኖ ይበላሻል። አዋቂዎቹ ስድስት ትንንሽ ገዝተው አብረው ያሳድጉና ራሳቸው እንዲመራረጡ ይተዋሉ። ሁለት ትልልቆችን በግድ አንድ ቤት ብትዘጋባቸው ግን አንዱ አንዱን ሊገድለው ይችላል። አፍ ለአፍ ተያይዘው ሲጓተቱ ካየህ ጉልበት እየተፈታተኑ ነው፤ ክንፍ መቀዳደድና ቅርፊት መርገፍ ከመጣ ግን በመሀላቸው መለያ አስገባ። በግድ ጋብቻ ለሰውም አልበጀም።

«ራሴን እችላለሁ?» ላልከኝ፣ በዚህ አትችልም። አኳሪየሙ፣ ማሞቂያው፣ ምግቡና ቆጣሪው አንድ ላይ ሲደመሩ ትርፉ ጭንቀት ነው። ሦስተኛ ፎቅ መሆንህንም አትርሳ። የእኔን መጠን ያለው አኳሪየም ውሃው ብቻ 375 ኪሎ ነው። መስታወቱና ድንጋዩ ሲጨመርበት አስበው። ከግድግዳ ዳር እንጂ መሀል ወለል ላይ አታቁመው።

ማርባት የግድ ነው ካልክ ደግሞ በዚህ ቅደም ተከተል ይሁን፦

መጀመሪያ ደጅ ጥናና የሚወስድልህን ሰው ቁጠር። «አሥር እወስዳለሁ» ያሉህ ሁለት ሰዎች ካሉ 20 ነው የምታሳድገው እንጂ 600 አይደለም።

ሁለተኛ፣ ትርፉን በእንቁላልነቱ ቀንስ። እንቁላሉ በተጣለበት ቀን አብዛኛውን ከድንጋዩ ላይ ጠርገህ አውጣው። ማርባት ካልፈለግክ ሁሉንም አውጣ። ያን ቀን የሚቆጭህ ነገር የለም። ከአምስት ወር በኋላ ግን ዓይን ዓይንህን ያይሃል።

ሦስተኛ፣ ሁሉንም እኩል አብላ፣ እኩል አሙቅ። መጀመሪያ የምትመርጠው ጤናን ነው፤ ቀጥ ያለ አከርካሪ፣ የገጠመ መንጋጋ፣ የተዘጋ ጉንጭ። ቀለም መጨረሻ ይምጣ።

አራተኛ፣ ደብተር ያዝ፣ ዝምድና ቁጠር።

አምስተኛውን አንተም ታውቀዋለህ። ወንዝም ሐይቅም ውስጥ፣ በምንም ምክንያት፣ አንዲትም እንዳትጥል።

ፍቅረኛህን በተመለከተ… «ወይ እኔን ወይ እነሱን» ያለችህ ዓሣ ጠልታ አይመስለኝም። የእኔዋም ዓሣ አልጠላችም፤ በዓሣ ያደገች ልጅ ናት። የጠላችው እኔ ሳላስብ የጀመርኩትን ነገር ሌላ ሰው ደጅ ወስጄ ልጥለው ማሰቤን ነው። ምናልባት ያንተዋም የምታየው ይሄንኑ ይሆናል። ዛሬ 600 ዓሣ ወልዶ ወዴት እንደሚያደርስ ያላሰበ ልጅ፣ ነገ በትዳር ምን ያደርጋል ብላ ይሆናል። ስለዚህ ቁጭ አድርገህ የትኛውን ትመርጫለሽ አትበላት። ዕቅድህን አሳያት። ዕቅድ ከሌለህም የለኝም በላት።

የእኔ መጨረሻ ምን ሆነ አትሉም? በአራተኛው ሳምንት ስልኩን አነሣች። ባቱ የሄድኩት በዓመቱ ነው፤ ብርቱካን ብቻ ይዤ። ወንድሟ «ባልዲው የታለ?» ብሎ ተቀበለኝ። እስከዛሬም በዚሁ ስም ነው የሚጠራኝ።

ሁለቱ ኦስካሮች አሁንም አሉ። አርጅተዋል፣ ግን አሁንም ይጥላሉ። በጣሉ ቁጥር ስፖንጅ ይዛ እንቁላሉን ከድንጋዩ ላይ የምትጠርገው እሷ ናት። እኔ ሳደርገው ይነክሱኛል፤ እሷን አይነኩም።

ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን!